ጥናቱ የሚበቃው መቼ ነው?



ዳቦ ቤት ልትከፍቱ አስባችኋል እንበል። የዱቄቱን ዋጋ ጠይቃችኋል፤ ኪራዩን አውቃችኋል፤ የሰፈሩ ሰው ጠዋት ዳቦ ከየት እንደሚገዛም አይታችኋል። ግን «ትንሽ ላጥና» ስትሉ ወራቱ ነጎደ።

የአማዞን መሥራች ጄፍ ቤዞስ በእ.ኤ.አ. 2016 የባለአክሲዮኖች ደብዳቤው፣ አብዛኛው ውሳኔ ከሚፈለገው መረጃ 70 በመቶ ያህሉ ሲገኝ ቢወሰን ይሻላል፤ 90 በመቶ እስኪሞላ መጠበቅ ብዙ ጊዜ መዘግየት ነው ብሏል።

በእርግጥ ቤት አስይዞ መበደርን የመሰለ በቀላሉ የማይመለስ ውሳኔ ረጋ ብሎ መመርመርን ይጠይቃል። ዳቦ ከሌላ ጋጋሪ ተረክቦ ለሳምንት ሸጦ ማየት ግን ያን ያህል አያስጨንቅም፤ ያዋጣ እንደሆነ ከወረቀት ጥናት ይልቅ ገዢው ይነግራችኋል።

እንግዲህ ራሳችሁን ጠይቁ፦ የምጠብቀው መረጃ ውሳኔዬን ይለውጠዋል? ካልለወጠው ጥናቱ በቅቷልና ሥራውን ጀምሩ።