ጭላዳን በጠዋት ብርሃን

ሰሜን ተራሮች ወጥቶ ጭላዳ ዝንጀሮን ፎቶ ማንሳት ለሚፈልግ ሰው ከሌንሱ ይልቅ ሰዓቱ ይበልጣል። ጭላዳ የሚያድረው ገደል ላይ ነው። ጠዋት ወደ ሜዳው ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ ሣሩን መንጨት ይጀምራል። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ፀሐይ ቶሎ ሽቅብ ትወጣለች፤ ለስላሳው ብርሃንም አብሮ ያልቃል። ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ከደረሳችሁ ፊቱ በጥላ ይጠቁራል፣ የደረቱ ቀይ ምልክትም አይደምቅም።

ስትደርሱ አትከተሉት። ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ፤ መንጋው እየጋጠ ራሱ ይጠጋችኋል፣ ስልክ ብቻ ለያዘም ይበቃል። ሙዝ እያሳዩ መጥራት ግን ክልክል ነው፤ ለእኔማ ነውርም ነው።

ወሩስ? መስከረም መጨረሻና ጥቅምት፤ ዝናቡ አባርቶ ሜዳው ገና አረንጓዴ ነው።