ልጆቹን ከጓዳ አውጥታችሁ መዝገቡ ላይ አጽፏቸው!

(ባለፈው እሁድ በአንድ የአዲስ አበባ ዕድር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከቀረበ ንግግር)



ዛሬ የተጠራነው ስለ ድንኳኑና ስለ ወርሃዊው መዋጮ እንደሆነ አውቃለሁ። ጊዜያችሁን አልሻማም። ግን አንድ ጉዳይ አለኝ። በዚህ ዕድር መዝገብ ላይ የያንዳንዳችን ቤተሰብ በስም በስሙ ተጽፏል። በዚችው ሰፈራችን እየኖሩ መዝገቡ ላይ የሌሉ ሦስት ልጆች ግን አሉ። የማን ቤት እንደሆነ አልናገርም። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚገቡ ልጆች ናቸው።

የኔም ልጅ እንደነሱ ናት፤ ዳውን ሲንድሮም አለባት። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። መቼም ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ሱቅ ስትላክ ሰላም ሳትለው የምታልፈው ሰው ስለሌለ ስኳሩ የሚደርሰው ቡናው ከተጠጣ በኋላ ነው። ደሞ «እነሱ ሁሌ ደስተኞች ናቸው» የምትሉኝ አላችሁ። ስታኮርፍ አላያችኋትም! እንደኔና እንደናንተ ትናደዳለች፣ ትቀናለች፣ ታዝናለች።

እስቲ መጀመሪያ ስሙን እናጥራው። «ዳውን» ሲባል ትንሽ እንግሊዝኛ የቀመሰ ሁሉ «ዝቅ ያለ» ማለት ይመስለዋል። አይደለም፤ የሰው ስም ነው። ጆን ላንግደን ዳውን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1866 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሁኔታውን ለይቶ ጻፈ። ያን ጊዜ የልጆቹን መልክ ከሞንጎሊያ ሰዎች ጋር አመሳስሎት ስለነበር «ሞንጎል» የሚለው ስያሜ ተከትሎ መጣ። ሞንጎሊያ አቤት ብላ የዓለም ጤና ድርጅት በ1965 ቃሉን ተወው። እኛ ሰፈር ግን ወሬው ገና አልደረሰም መሰለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው በሰውነቱ ሕዋስ ውስጥ 46 ክሮሞዞም አለው፤ ግማሹ ከናቱ፣ ግማሹ ካባቱ። በጥንድ በጥንድ ሲቆጠሩ 23 ናቸው። በኔ ልጅ ላይ 21ኛው ጥንድ ሁለት መሆኑ ቀርቶ ሦስት ሆነ፤ ድምሩ 47 መጣ። በቃ፣ ይኸው ነው። ዓለም መጋቢት 12 ቀንን ለነሱ የሰጠውም ለዚህ ነው፤ በፈረንጆቹ የሦስተኛው ወር 21ኛ ቀን ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እንደሚለው ከ1,000 እስከ 1,100 ከሚወለዱ ሕፃናት አንዱ እንዲህ ሆኖ ይወለዳል። የናት ዕድሜ ሲገፋ አጋጣሚው ይጨምራል፤ ሆኖም አብዛኞቹ ልጆች የሚወለዱት ከወጣት እናቶች ነው፣ ብዙ የሚወልዱት እነሱ ናቸውና።

ታዲያ የማን ጥፋት ነው? የማንም። እርግማን አይደለም፣ ልክፍት አይደለም፣ አይተላለፍም። እኛ አገር ግን ጣቱ ቶሎ የሚቀሰረው ወደ እናትየዋ ነው። ባል «በኛ ዘር የለም» ብሎ ጥሎ የሄደባት ሴት እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣለች። እህቴ፣ ቀና በይ።

ጸበሉን አልቃወምም፤ እኔም ወስጃታለሁ። ክሮሞዞም ግን ልልቀቅ ብሎ አይጮህም። የሚያስቆጨኝ የማይድነውን እናድናለን ስንል የሚድነውን መተዋችን ነው። ከነዚህ ልጆች ግማሽ የሚሆኑት ሲወለዱ የልብ ችግር አለባቸው። ሕፃኑ ሲጠባ ቶሎ የሚደክም፣ ትንፋሹ የሚቆራረጥ፣ ከንፈሩ የሚጠቁር፣ ኪሎው አልጨምር ያለ እንደሆነ ልቡን አስመርምሩት። ምልክት ባይታይበትም አስመርምሩት። በጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከል አለ። ወረፋው ረጅም ነው፤ ረጅም ስለሆነም ነው ዛሬውኑ ተመዝገቡ የምለው። ቀዶ ጥገናው ጊዜ አለው፤ ጊዜው ካለፈ ሳንባውም አብሮ ይጎዳል።

የአንገት እጢው፣ ታይሮይድ የሚባለውም፣ ይሰንፍባቸዋል። ልጁ ይፈዛል፣ ይወፍራል፣ ይደርቃል፤ እኛ «ያው ተፈጥሮው ነው» እንላለን። የደም ምርመራ ነው የሚጠይቀው፣ በኪኒን ይስተካከላል። ጆሮና ዓይንም እንደዚሁ። ልጄን አንዲት መምህርት «ይቺ አትታዘዝም» እያለች ጥግ ታስቀምጣት ነበር። ለካስ ጆሮዋ ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሞ አትሰማም ኖሯል! ከታከመች በኋላ በሦስት ወር ውስጥ የተናገረችውን ቃል ቆጥሬ አልጨርሰውም።

ስትወለድ አንድ ሐኪም «ብዙ አትድከሙ፣ አትቆይላችሁም» ብሎን ነበር። እስቲ ይህን ስሙ። በአሜሪካ በ1983 ዳውን ሲንድሮም ያለበት ሰው በአማካይ የሚኖረው 25 ዓመት ገደማ ነበር። ዛሬ ወደ 60 ደርሷል። ክሮሞዞሙ ያው ነው፣ አልተለወጠም። የተለወጠው ልባቸው መታከሙና በየማጎሪያው መጣላቸው መቅረቱ ነው።

ትምህርት ቤቱን ላውራው እንዴ? አንዱ «ሌሎች ወላጆች ይቀየሙናል» ብሎ መለሰኝ። ሕጉ ግን ሞልቷል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2010 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተቀብላ አጽድቃለች። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን ይረዳል ይላል፤ «አቅም በፈቀደ መጠን» የምትል ነገር ታክላበት። ይቺ አቅም ለድግስና ለባነር ሲሆን ስትፈቅድ፣ ለኛ ልጆች መምህር ሲሆን የማትፈቅድበትን ምክንያት የሚያስረዳኝ ባለሥልጣን እስከዛሬ አላገኘሁም።

እነሱ ይማራሉ፤ ቶሎ አይደለም እንጂ። በአፍ ብቻ ከተነገራቸው ይልቅ በሥዕል ያዩትን ይይዛሉ። ትእዛዙን አጭር አድርጉት፣ ደጋግሙት፣ መልስ እስኪሰጡ ታገሡ። ደሞ እባካችሁ፣ የ17 ዓመት ልጅን እንደ ሕፃን አታባብሏት። ሰውነቷ የራሷ መሆኑን፣ «አይሆንም» ማለትን፣ የነካትን ሰው መናገርን አስተምሯት። ተቆልፎባት የምትውል ልጅ ከሰው ዓይን ተሰውራለች እንጂ ከክፉ ሰው አልተሰወረችም። ማንም የማያውቃት ልጅ ብትጎዳም ማንም አያውቅላትም።

ሌሊት የሚያባንነኝ ግን ሌላ ነው፤ እኔ ስሞት ማን ይይዛታል? ዕድራችን ሬሳዬን በክብር ይሸኛል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ሦስት ቀን ይቀመጣል። በአራተኛው ቀን ልጄ ደጃፉ ላይ ቆማ ትቀራለች። ሕጋዊ ሞግዚት የሚያጸድቀው ፍርድ ቤት ነው፤ ያን የሚያስታውስና የሚከታተል ጎረቤት ግን ከየት ይምጣ?

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይኸው። መዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ ይጨመር፤ «ከወላጅ በኋላ ኃላፊ» የሚል። ጓዳ ያሉት ሦስቱ ልጆች በስማቸው ይጻፉ። ዕድሩም በየዓመቱ ሁለት ሰው እየላከ ልጆቹን በዓይኑ አይቶ ይመለስ፣ ወላጅ ሞቶ እንደሆነ ሞግዚቱን ፍርድ ቤት ድረስ ይከታተል። ይህ ከመዋጮው ላይ አምስት ሳንቲም አይጠይቅም።

ጋሼ ጸሐፊ፣ እስክሪብቶውን ያንሱልኝማ። በልጄ ስም ትይዩ የታላቅ ወንድሟን ስም ይጻፉ። ተጠይቆ እሺ ብሏል፤ ይኸው በሩ ጋ ቆሟል፣ ይፈርማል።