እረኛው የመንጋውን ቤት ያውቅ ዘንድ
ስለ ዲጂታል ካርታና ስለ ካህናት ጉብኝት፥ ለደብረ ወርቅ ካህናትና ምእመናን የቀረበ ንግግር



ቅዱስ ሉቃስ ባለመድኃኒት እንደ ነበረ ሐዋርያው ጳውሎስ ለቈላስይስ ሰዎች በጻፈው መልእክት ይመሰክርለታል። በደብረ ወርቅ ማርያም ያለችውንም የእመቤታችንን ሥዕል የሣለ እርሱ ነው ተብሎ ከአባቶች ሲወርድ ሲዋረድ መጥቷል። ስለ ጠፋው በግ የተነገረው ምሳሌም በዚሁ ወንጌላዊ መጽሐፍ ይገኛል። በዚያ ምሳሌ እረኛው ዘጠና ዘጠኙን ትቶ አንዱን ሊፈልግ የሄደው፥ አስቀድሞ ቈጥሮ መቶ መሆናቸውን ስላወቀ ነው። ያልቈጠረ እረኛ የጎደለውን አያውቅም፤ የጎደለውን ያላወቀም ለመፈለግ አይነሣም። ስለዚህ የመንጋው ቤት ስለሚታወቅበት መንገድ፥ ይልቁንም ዛሬ በእጅ ስልክ ስለሚሠራው ካርታ መነገሩ ከኢዮቤልዩው በዓል የራቀ ነገር አይደለም።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ምእመን ሁሉ የንስሐ አባት ሊኖረው ይገባል። የንስሐ አባትም የልጆቹን ቤት የሚያውቀው በእግሩ ሄዶ ነው። በቢቸናና በሞጣ መካከል ባለው ደጋ፥ ከከተማ ከተወጣ በኋላ የመንገድ ስም የቤትም ቍጥር የለም፤ ከወንዙ ማዶ፥ ከግራሩ በታች፥ ከእገሌ ማሳ ራስጌ እየተባለ ይደረሳል እንጂ። ይህ ዕውቀት መልካም ነው። ነገር ግን የተጻፈው በአንድ ሽማግሌ ልብ ብቻ ስለ ሆነ፥ ያ አባት ባረፈ ጊዜ ከእርሱ ጋራ አብሮ ይቀበራል። ከዚያ በኋላ ከገደሉ አፋፍ ብቻዋን የምትኖር፥ ከአልጋዋ መነሣት የተሳናት ባልቴት፥ ጸሎት የሚያደርስላት፥ ጠበል የሚረጫት፥ መስቀል የሚያሳልማት አጥታ ትቀራለች። ይህም የሚሆንባት የሚጠላት ኖሮ ሳይሆን፥ ቤቷን የሚያውቅ ስለ ጠፋ ነው።

ካርታና የካህን ጉብኝት ሲተባበሩ ምን ያህል እንደሚጠቅሙ በሌላ አገር የሆነ አንድ ነገር ያስረዳል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1854 በነሐሴ መጨረሻ፥ በሎንዶን ከተማ ሶሆ በተባለው ሰፈር ኮሌራ ገብቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ600 የሚበልጥ ሰው ፈጀ። ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም በሽታው የመጣው ብሮድ ስትሪት ከተባለው መንገድ የጕድጓድ ውሃ ነው ብሎ ተናገረ። በኋላም ሰው የሞተበትን ቤት ሁሉ በካርታ ላይ በጥቍር መስመር እያመለከተ፥ መስመሮቹ በዚያ የውሃ መቅጃ ዙሪያ እንደ ተከማቹ አሳየ። በዚያው ሰፈር በቅዱስ ሉቃስ ስም የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነበረ። ረዳት ካህኑ ሄንሪ ኋይትሄድ በመጀመሪያ የሐኪሙን ቃል አላመነም ነበርና፥ ስሕተቱን ለመግለጥ ከቤት ወደ ቤት እየሄደ ጠየቀ። ሕዝቡም ስለሚያውቀው በሩን ከፈተለት። በመጨረሻም የሐኪሙን ቃል እውነተኛነት ራሱ አጸናው፤ ከወረርሽኙ አስቀድሞ አንድ ሕፃን ታምሞ እንደ ነበረ፥ እናቱም የጨርቁን እጣቢ ከመቅጃው አጠገብ ባለው የቈሻሻ ጕድጓድ እንደ ደፋችው አገኘ። ስለዚህ ካርታው ሰፈሩን አሳየ፤ የነገሩን ሥር ያገኘው ግን በሩን ያንኳኳው ካህን ነው።

በኢትዮጵያም ተመሳሳይ ሥራ ተሠርቷል። የዓይን ማዝ የተባለውን ትራኮማ ለመመዝገብ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2012 እስከ 2016 በ29 አገሮች 2.6 ሚሊዮን ሰዎች ሲመረመሩ፥ ሥራው የተጀመረው በኦሮሚያ ነበር። መርማሪዎቹም የቤቱን ስፍራና የተገኘውን ሕመም በእጅ ስልክ እየመዘገቡ፥ መድኃኒቱ አስቀድሞ ወዴት መሄድ እንዳለበት አስታወቁ። ለዓይን ሕመም እንዲህ ከተደከመ፥ ለኀዘንተኛ፥ ለብቸኛና ለተስፋ ቈራጭ ነፍስ ይህን ያህል መድከም የሚበዛ አይደለም።

የአሠራሩም ነገር ከባድ አይደለም። የንስሐ አባት አንድ ወጣት ዲያቆን አስከትሎ በደጁ ሲቆም፥ ስልኩ የቆሙበትን ስፍራ ከሳተላይት ተቀብሎ ያመለክታል፤ ለዚህም ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ምልክቶቹ በአንድ ካርታ ላይ በተሰበሰቡ ጊዜ፥ ሦስት አባቶች በአንድ ቀበሌ ሲመላለሱ ሌላው ማዶ ጠያቂ እንዳጣ በግልጥ ይታያል። ወንዝ የሚሞላበት ክረምት ሳይገባ አስቀድሞ ሊጎበኝ የሚገባው ቤትም ይታወቃል። ሽማግሌው አባት ባረፈ ጊዜም ተተኪው መንገዱን እንደ አዲስ አይጠይቅም።

ነገር ግን ሊጠነቀቁበት የሚገባ ታላቅ ነገር አለ። የኑዛዜ ቃል ከእግዚአብሔርና ከንስሐ አባት በቀር ለማንም አይገለጥምና፥ በካርታ ላይ አንዳች የኑዛዜ ነገር ሊጻፍ አይገባም። እገሌ ይህን በደለ፥ እገሊት ይህን ታመመች የሚል ጽሕፈት ያለበት ስልክ ቢጠፋ ወይም ቢሰረቅ፥ የታመነው አባት ሳያውቅ ከዳተኛ ሆኖ ይገኛል። የሎንዶኑ ሐኪም እንኳ በካርታው ላይ የሙታንን ቍጥር እንጂ ስማቸውን አልጻፈም። ስለዚህ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ቤቱ አይመልከት፤ ምልክቱም "ጉብኝት ይሻል" ከማለት አይለፍ።

ይልቁንም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበረ የሚረሳ አይደለም። በእንዲህ ያለ ጊዜ የቤቶች ዝርዝር ለክፉ ሥራ በሚሻው እጅ ቢገባ ለመንጋው መጠበቂያ መሆኑ ቀርቶ መጥፊያው ይሆናል። ስለዚህ ካርታው ለብዙ ሰው አይሰራጭ፤ ጥቂት የታመኑ አባቶች ይጠብቁት፤ አንድ ቅጂም በወረቀት ተሠርቶ ከቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ጋራ በቍልፍ ይቀመጥ።

እንግዲህ ካርታ በትር ነው እንጂ እረኛ አይደለም። በተሞላ ካርታ ደስ ተሰኝቶ ከቤቱ የማይወጣ ካህን፥ ካርታ ሳይኖረው በእግሩ ከሚዞረው አባት ያንሳል። ነገር ግን ወጥቶ የሚሄደውን አባት ካርታው ይረዳዋል፤ አንዲት ባልቴትም ሳትረሳ በቀረች ጊዜ ድካሙ ሁሉ ዋጋውን አገኘ።

የጠፋውን የሚፈልግ አምላክ ካህናቱን በጉብኝት፥ ምእመናኑን በፍቅር ያጽናልን፤ አሜን።