ላስቲክ ቤቱን ክፈቱት

ዛሬ ስለ ችግኝ ቤት እንነጋገራለን። ጽሑፉን በእጃችሁ ይዛችሁ ተከታተሉ።

ባለፈው ዓመት በጓሮዬ የቲማቲም ችግኝ አፍልቼ ነበር። በእንጨትና በላስቲክ ትንሽ ቤት ሠራሁላቸው። አንድ ቀን ጠዋት ብርድ እንዳይነካቸው ብዬ ላስቲኩን ሳልከፍት ወደ ሥራ ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ስመለስ እንደተቀቀለ ጎመን ተኝተው አገኘኋቸው። ውሃ ባጠጣቸውም አልተነሡም። የአንድ ወር ድካም በአንድ ቀን ጠፋ።

ምን ገደላቸው? ሙቀት ነው። የፀሐይ ብርሃን ላስቲኩን አልፎ ይገባል። አፈሩን ያሞቃል። አፈሩም አየሩን ያሞቃል። የሞቀው አየር ግን መውጫ የለውም።

ታዲያ ምን እናድርግ? የሞቀ አየር ቀላል ነው፤ ወደ ላይ ይወጣል። የምድጃ ጭስ ሽቅብ ሲሄድ አይታችሁ የለ? ስለዚህ ከታች መግቢያ፣ ከላይ መውጫ እንሥራ። ቀዝቃዛው አየር ከታች ይገባል፤ የሞቀው ከላይ ይወጣል። ጠዋት ፀሐይዋ ሞቅ ስትል እንክፈት። ማታ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዝጋ። የደጋ ሌሊት ብርዱ ከባድ ነውና።

ሁለተኛው ጠላት እርጥበት ነው። በላስቲኩ የውስጥ ገጽ ላይ የውሃ ጠብታ ከበዛ አየሩ ታፍኗል ማለት ነው። ያን ጊዜ የችግኙ ግንድ ከአፈሩ አጠገብ ይበሰብሳል። ችግኙም ይወድቃል። ስለዚህ ውሃ በጠዋት እናጠጣ፤ ቅጠሉ እስኪመሽ ይደርቃል። ዘሩንም አሳስተን እንዝራ።

አሁን የንባብን ጥቅም ተመልከቱ! የሙቀት መለኪያ በችግኙ ቁመት ልክ፣ ፀሐይ በማያርፍበት ቦታ ስቀሉ። ቁጥሩን አንብቡ። ለቲማቲም ቀን ከ20 እስከ 27 ዲግሪ ይስማማዋል። 30 ሲደርስ ላስቲኩን በሰፊው ክፈቱ። ከ35 ካለፈ ችግኙ ይጎዳል። ሌሊት ከ10 በታች ከወረደ ደግሞ እድገቱ ይገታል።

ዘንድሮ እኔም መለኪያ ሰቅያለሁ። የሚያነቡልኝ ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት ናቸው። አምና ቁጥር አይለዩም ነበር። ዛሬ እኔ ከተማሪዎቼ ጋር ስውል፣ እሳቸው 30ን ሲያዩ ሄደው ይከፍታሉ። ችግኞቹም ቆመዋል።

እስቲ እነዚህን ቃላት አንብቡ፤ ጻፉም። አየር። ሙቀት። ችግኝ። ቁጥር። ከዚያም አስሉ። መለኪያው 34 ቢያሳይ፣ ወደ 27 ለመመለስ ስንት ዲግሪ መውረድ አለበት?

ደህና ሁኑ።