ከሁለት ቤት ይጀመራል

ውድ የወንበርማ የ12ኛ ክፍል ተመራቂዎች፣

ብዙዎቻችሁ እሑድ ማታ ስንቃችሁን ተሸክማችሁ ከገጠር ወደ ሽንዲ ከተማ የምትገቡ፣ በኪራይ ክፍል ተዳብላችሁ የምትኖሩ ናችሁ። ክፍል ውላችሁ ስትመለሱ ውኃ መቅዳትና ራት ማብሰል ይጠብቃችኋል፤ ደብተር የሚገለጠው ከዚያ በኋላ ነው። በቆሎና በርበሬ ሲደርስ ደግሞ ቅዳሜም የእናንተ አይደለችም።

በዚህ ላይ የብሔራዊ ፈተናው ጭንቀት አለ። በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደረሱ። ይህን የሰማ ልጅ «እኔማ ከየት አመጣዋለሁ?» ቢል አይፈረድበትም። ቁጥሩ ግን የመጽሐፉን እጥረትና የተቋረጠውን ትምህርት ሁሉ አዝሎ የመጣ ነው፤ የእናንተ የአእምሮ ልክ አድርጋችሁ አትውሰዱት።

«ትችላላችሁ» ብዬ ብቻ ብሄድ አልጠቅማችሁም። የጎጃም የቅኔ መምህራን ይህን ከድሮም ያውቁታል። ጀማሪውን መወድስ የተባለውን ባለ ስምንት ቤት ቅኔ አያስቆጥሩትም፤ ከባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ያስጀምሩታል። ሲቆጥር ውሎ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፣ በማግስቱ ሌላ ይዞ ይቀርባል። መወድስ ላይ ሲደርስ የሚያደፋፍረው ቀድሞ የተሳካለት ትንሹ ቅኔ ነው። የሥነ ልቦና ሊቁ አልበርት ባንዱራም እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰውን «እችላለሁ» የሚያሰኘው ከሁሉ በላይ ራሱ ሠርቶ ያየው ነገር መሆኑን አስረድቷል።

ስለዚህ በየምሽቱ ከከበዷችሁ ጥያቄዎች አንዱን መርጣችሁ ጨርሱ፤ በማግስቱ ለጓደኛ አስረዱት። የሳታችሁትን አትሰርዙት፤ ለምን እንደሳታችሁ ከጎኑ ጻፉ። ራሳችሁንም እንቅልፍ አትንፈጉ፤ ሌሊቱን ያነጋ ተማሪ ያጠናውም ሊጠፋው ይችላል።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ሲመጣ «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለታችሁ በፊት «በሳምንቱ ምን ገባህ?» በሉት። ሴት ልጃችሁም እንደ ወንድሟ የጥናት ሰዓት ይኑራት። መምህራን፣ ተሳስቶ በመለሰ ልጅ ላይ ክፍሉ እንዳይስቅ አድርጉ፤ አንዴ የተሳቀበት እጁን ዳግም አያነሣም።

ተመራቂዎች፣ ለፈተና ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ ከከተማ ልጅ ጎን ትቀመጡ ይሆናል። አትሸማቀቁ። ራት አብስሎ፣ ውኃ ቀድቶ፣ አዝመራ ሰብስቦ 12ኛ ክፍልን የጨረሰ ሰው ከባድ ሥራ መሥራት እንደሚችል አስመስክሯል።

መንገዳችሁን ያቅናላችሁ።