የልጆቻችን ፈተና ሲለወጥ
(በመስጂዳችን የወላጆች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ኮሚቴው ስለ ልጆቻችን ትምህርት እንድናገር ሲጠይቀኝ፣ ስለ ዒልም ክብር ከእኔ የተሻሉ ዓሊሞች በዚሁ ቤት ብዙ ስላስተማሩን፣ እኔ ስለ አንድ ወረቀት ብቻ ብናገር ይሻላል አልኩ። ይህ ወረቀት የሜሪላንድ ስቴት የተማሪዎች ፈተና ውጤት ነው። በየዓመቱ ወደየቤታችን ይላካል፤ በብዙዎቻችን ቤት ግን ከመብራት ቢልና ከሱቅ ማስታወቂያ ጋር ተደራርቦ ሳይነበብ ይከርማል። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

አብዛኞቻችን ፈተና ሲባል ቶሎ የሚመጣብን ማትሪክ ነው። ሚኒስትሪን አልፎ፣ ዓመታት ተምሮ፣ በጥቂት ቀናት ፈተና ዕድሉ የሚወሰንበትን ልጅ ሁላችንም እናውቃለን፤ እኛው ራሳችን ነበርና። ስለሆነም አንዳንድ ወላጅ የስቴቱ ፈተና ሲደርስ ልጁን እንቅልፍ እስኪያጣ ያስፈራራል። ሌላው ደግሞ «ይህ ፈተና ለክፍል ማለፊያ አይቆጠርም» ሲባል ይሰማና ነገሩን ጨርሶ ይተወዋል። ሁለቱም ልጁን ይጎዱታል። እውነቱ በመካከል ስላለ፣ ፈተናው ከየት እንደመጣና ለምን እንደሚለዋወጥ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከ1991 እስከ 2002 በሜሪላንድ ይሰጥ የነበረው ፈተና ኤም ኤስ ፓፕ ይባል ነበር። የ3ኛ፣ የ5ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆች በቡድን ሆነው ሙከራ ይሠራሉ፣ ረጅም መልስም ይጽፋሉ። የሚመዘነው ግን ትምህርት ቤቱ እንጂ ልጁ አልነበረም፤ ለእያንዳንዱ ልጅ የሚሰጥ ውጤት አልነበረውም። በጃንዋሪ 2002 የፌዴራሉ መንግሥት «ማንም ልጅ ወደ ኋላ አይቅር» የተባለውን ሕግ ሲያወጣ፣ ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያለ ልጅ ሁሉ በየዓመቱ በንባብና በሒሳብ እንዲፈተን፣ ወላጅም የልጁን ውጤት እንዲያውቅ ግድ ሆነ። የድሮው ፈተና ለዚህ የሚሆን ስላልነበረ በ2003 ኤም ኤስ ኤ ተተካ። በ2010 ስቴቱ ከሌሎች ስቴቶች ጋር የጋራ የሆነ የትምህርት መመዘኛ ሲቀበል ኤም ኤስ ኤም ከሚሰጠው ትምህርት ጋር አልገጥም አለ። ስለዚህ ከ2014–15 የትምህርት ዓመት ጀምሮ በኮምፒውተር የሚሰጠው ፓርክ መጣ። (ፓርክ ሲባል መናፈሻው አይደለም፤ የስቴቶቹ ማኅበር ስም ምሕጻር ነው። ልጆቹ ግን እንደ መናፈሻው አልወደዱትም።) ማኅበሩ በ2010 ሲጀመር ከ20 በላይ ስቴቶች ነበሩበት፤ ከዓመት ወደ ዓመት አንድ በአንድ ወጡ። ፈተናው ረዘመ፣ ውጤቱም ዘገየ የሚል ቅሬታ በየቦታው ተነሣ። በ2017 የወጣ የሜሪላንድ ሕግ ፈተና ከትምህርቱ ጊዜ በመቶ 2.2 ያህል ብቻ እንዲወስድ ወሰነ። በመጨረሻም ስቴቱ ፓርክን በ2019 አቁሞ የራሱን ፈተና ኤምካፕን አወጣ። በ2020 ጸደይ ሊሰጥ ተዘጋጅቶ ሳለ ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ዘጋ፤ በሙሉ መልኩ የተሰጠው በ2022 ነው።

ይህን ታሪክ የዘረዘርኩት ወላጆችን የሚያሳስት አንድ ነገር በውስጡ ስላለ ነው። በፓርክ ጊዜ ደረጃዎቹ አምስት ነበሩ፤ ልጁ የሚጠበቅበትን አሟላ የሚባለው 4ኛ ደረጃ ሲደርስ ነበር። በኤምካፕ ደረጃዎቹ አራት ብቻ ናቸው፦ ጀማሪ፣ በማደግ ላይ ያለ፣ ብቁ እና የላቀ። እዚህ ደግሞ 3ኛው ደረጃ ራሱ «ብቁ» ነው። እንግዲህ ታላቅየው በ2018 «3» አምጥቶ ታናሽየው በ2023 «3» ቢያመጣ ሁለቱ እኩል አይደሉም፤ የታላቅየው ለመድረስ ጥቂት የቀረው ነው፣ የታናሽየው የደረሰ ነው። ነጥቡ በሁለቱም ፈተናዎች ከ650 እስከ 850 ስለሚሰጥ መምሰሉ ይበልጥ ያሳስታል። ወረቀቱ ሲመጣ 750ን ፈልጉ፤ ብቁ የሚባለው ከዚያ ላይ ነው። ልጆችን በደረጃ ቁጥር አታወዳድሩ።

ዝቅ ያለ ነጥብ ያያችሁ እንደሆነም ቤታችሁ ብቻ የገባ መከራ አታድርጉት። በ2024 በስቴቱ በሙሉ በእንግሊዝኛ ብቁ የሆኑት በመቶ 48.4፣ በሒሳብ በመቶ 24.1 ነበሩ። በሒሳብ ከአራት ልጅ ሦስቱ ያህል አልደረሱም ማለት ነው። እኔ በበኩሌ እንግሊዝኛው ለእኛ ልጆች የሚከብደው ቋንቋውን ባለመናገራቸው አይመስለኝም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ ከአማርኛ አስበልጠው ይናገሩታል። ፈተናው የሚጠይቀው ግን ሁለት ጽሑፎችን አንብቦ፣ ማስረጃውን ከጽሑፉ አውጥቶ፣ በኪቦርድ መጻፍን ነው። ወሎ ውስጥ በዳናም ሆነ በጀማ ንጉሥ የቀሩ ደረሶች ይህ አይጠፋቸውም፤ ሸኹ ኪታቡን አስከፍተው «ይህን ከየት አገኘኸው?» ብለው ሲጠይቁ ጣትን ቃሉ ላይ ማሳረፍ ነበር። ልጃችሁ መጽሐፍ ሲጨርስ «ጥሩ ነው ወይ?» ከማለት ይልቅ «የት ላይ ነው የሚለው?» ብላችሁ ጠይቁት። እንግሊዝኛ ያልተማረች እናት እንኳ በአማርኛ ልትጠይቀው ትችላለች።

አሁን ይበልጥ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ልጅ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ በቤት ውስጥ የሚነገረውን ቋንቋ የሚጠይቅ ቅጽ ይሰጣችኋል። ከእኛ መካከል «አማርኛ ብዬ ከጻፍኩ ልጄን ዝቅ ያለ ክፍል ያስገቡብኛል» በሚል ፍርሃት «እንግሊዝኛ» ብሎ የሚሞላ አለ። ይህ ልጁን የሚገባውን እርዳታ ማሳጣት ነው። እውነቱን ስትጽፉ ልጁ የእንግሊዝኛ ችሎታ መለኪያ ይሰጠዋል፤ እርዳታ የሚያስፈልገው ከሆነ ኢሶል ይገባል። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ በብርዱ ወራት አክሰስ የሚባለውን የዊዳ ፈተና ይወስዳል፤ በማዳመጥ፣ በመናገር፣ በማንበብና በመጻፍ ከ1 እስከ 6 ይለካል። ከኢሶል የሚወጣው በዚህ ነጥብ ነው። ኤምካፕ ሌላ፣ አክሰስ ሌላ መሆኑን ለዩ። አንደበተ ርቱዕ የሆነ ልጅ በመጻፍ ብቻ ዝቅ ብሎ ዓመት ከዓመት እዚያው ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ ከአጠቃላዩ ነጥብ ይልቅ አራቱን ክፍሎች ለየብቻ ተመልከቱ፤ መምህሩንም ስለ ዝቅተኛው ጠይቁ።

ከአዲስ አበባ፣ ከጅዳ ወይም ከሌላ አገር ገና የመጣ ልጅ ካላችሁ፣ በአሜሪካ ትምህርት ቤት 12 ወር ካልሞላው የእንግሊዝኛው የንባብ ፈተና አንድ ጊዜ ሊታለፍለት ይችላል፤ ሒሳቡ ግን አይታለፍም። የሒሳቡ ፈተና በስፓኒሽ ይቀርባል፣ በአማርኛ አይቀርብም። ሆኖም ትርጉም ብቻ የያዘ የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ለኢሶል ተማሪዎች ከሚፈቀዱ እገዛዎች አንዱ ስለሆነ፣ ከፈተናው ወራት አስቀድሞ ይጠየቅ። ልጁም አጠቃቀሙን አስቀድሞ ይልመድ፤ በፈተናው ዕለት ተሰጥቶት ፊደል ሲፈልግ ሰዓቱ ያልቅበታል።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነገሩ ይጠነክራል። ከ2023–24 ጀምሮ በአሜሪካ መንግሥት ትምህርትና በሥነ ሕይወት የሚሰጠው የስቴቱ ፈተና ከኮርሱ የመጨረሻ ውጤት በመቶ 20 እንዲይዝ ተደርጓል። ለትንንሾቹ ደግሞ የስቴቱ የትምህርት ቦርድ በኦክቶበር 2024 የንባብ ፖሊሲ አጽድቋል። በዚህ ፖሊሲ መሠረት ከ2027–28 አንሥቶ የንባብ መመዘኛውን ያላሟላ የ3ኛ ክፍል ልጅ ክፍሉን እንዲደግም ይደረጋል፤ ወላጅ ግን ተጨማሪ የንባብ ትምህርት እየተሰጠው ወደ 4ኛ እንዲያልፍ መምረጥ ይችላል። ይህን ልብ በሉ። ምርጫው የወላጅ ነው፤ ደብዳቤውን ያላነበበ ወላጅ ግን ምርጫ እንደነበረውም ሳያውቅ ልጁ ይደግማል። «እንግሊዝኛ አይገባኝም» የሚለው አያግደንም፤ አስተርጓሚ ጠይቁ። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች በሚያዘጋጁት ጽሑፍ አማርኛን ካካተቱ ቆይተዋል። እባካችሁ የገዛ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ የራሱን ጥፋት የሚተረጉም ልጅ ምን እንደሚተረጉም አላህ ያውቃል።

ስለ ረመዳን ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል። በ2022 ረመዳን ኤፕሪልን ሙሉ ይዞ የኤምካፕ ወራት መካከል ወድቆ ነበር። ወሩ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ስለሚቀድም፣ በ2026 በፌብሩዋሪ አጋማሽ አካባቢ ይገባና ቀስ በቀስ ወደ አክሰስ ወራት ይጠጋል። ለፈተናው የሚሰጠው ጊዜ ብዙ ሳምንታት ነው፤ በዚያ ውስጥ ቀኑን የሚመርጠው ትምህርት ቤቱ ነው። ስለዚህ የሚጾም ልጅ ጠዋት እንዲፈተን፣ በዒድ ቀን ለቀረም ሌላ ቀን እንዲያዝለት መጠየቅ ይቻላል፤ ጥያቄው ግን ከወር በፊት በጽሑፍ ይሁን። ለአካለ መጠን ስላልደረሱ ልጆች ጾም ኢማማችንን ጠይቁ፤ እኔ በእርሳቸው ቦታ አልገባም።

መጠየቅ ምን ይፈይዳል የሚል ካለ የዒድን ነገር ያስታውስ። በኖቬምበር 2014 ሙስሊም ወላጆች ዒድ በሞንትጎመሪ ካውንቲ የትምህርት ካላንደር እንዲጻፍ ሲጠይቁ፣ ቦርዱ ዒድን ከመጨመር ይልቅ የሃይማኖት በዓላትን ስም በሙሉ ከካላንደሩ አወጣ፤ ትምህርት የማይኖርባቸው የሌሎቹ በዓላት ቀናት ግን እንደነበሩ ቀሩ። ያኔ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ነበር። ያልተሰለቹት ወላጆች ግን በቦርዱ ስብሰባ መገኘታቸውን አልተዉም፤ በ2015 ቦርዱ የዒደል አድሓን ቀን፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2016ን፣ ተማሪ የማይመጣበት የመምህራን ቀን እንዲሆን ወሰነ።

ስለ ልምምድ ጥቂት ልጨምር። የኤምካፕ መለማመጃ ፈተናዎች በነፃ በኮምፒውተር ይገኛሉ። ሞባይል ላይ መጻፍ የለመደ ልጅ ኪቦርድ ላይ ሲቀመጥ ጣቱ ይሳሰራል፤ የሒሳብ ምልክት ማስገባቱም ራሱን የቻለ ልምምድ ይፈልጋል። ቤታችሁ ኮምፒውተር ከሌለ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አለ።

ለኮሚቴው ያቀረብኩት ሐሳብ ይህ ነው፦ ቅዳሜ የቁርኣን ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ለአንድ ሰዓት፣ በጀመዓችን ያሉ መምህራንና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ታች ባለው ክፍል ይቀመጡ፤ ወላጅ ያልገባውን ወረቀት ይዞ ይምጣ፣ አንብበው በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሐረሪም ያስረዱት። ዛሬ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ መዝገብ ተቀምጧል፤ ማገዝ የምትችሉ ስማችሁን በቀኝ፣ መታገዝ የምትፈልጉ በግራ ጻፉ። ባለፈው ዓመት የመጣላችሁ ወረቀት ቤት ካለ ለመጀመሪያው ቅዳሜ እርሱን ይዛችሁ ኑ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።