የኮርያ ቤተ መዘክሮችና የእኛ መዝገብ

(በሐዋሳ ከተማ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በኮርያ ሪፑብሊክ ርእሰ ከተማ በሴኡል የሚገኙትን የታሪክ፣ የሥነ ጥበብና የባህል ቤተ መዘክሮች መጎብኘትን የሚመለከት ነው። ስለ ቤተ መዘክር ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው የሕንፃው ግዝፈትና የዕቃው ውበት ነው። እኛ ግን የታሪክ መምህራንና የቅርስ ሠራተኞች ነን። ስለሆነም በአንድ ቅርስ ፊት ስንቆም ልንጠይቀው የሚገባን ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ይህ ዕቃ እዚህ የደረሰው በማን እጅ አልፎ ነው? ጉዞውንስ ማን ጻፈው?» የሚል ነው። የሴኡልን ቤተ መዘክሮች በዚህ ጥያቄ የጎበኘ ሰው ለአገሩ የሚጠቅም ትምህርት ይዞ ይመለሳል ብዬ አምናለሁ።

የኮርያ ብሔራዊ ቤተ መዘክር ዛሬ ባለበት በዮንግሳን ሰፈር የተከፈተው በጥቅምት 1998 ዓ.ም. ነው። ምድሩ አስቀድሞ የጃፓን፣ ኋላም የአሜሪካ ጦር ይዞት የነበረ ነው። ቋሚውን ትርኢት ለማየት ክፍያ አይጠየቅም። ጎብኚው ከድንጋይ ዘመን መሣሪያ ጀምሮ እስከ ጎርዮ ዘመን አረንጓዴ ሸክላ፣ ከዚያም በሐሳብ ተመስጠው እስከ ተቀመጡት ሁለት በወርቅ የተለበጡ የነሐስ ምስሎች ድረስ በየተራ ይመለከታል። በመተላለፊያው አዳራሽ ጫፍ ግን ዓይንን የሚይዝ ሌላ ነገር ቆሟል። ይህም እ.ኤ.አ. በ1348 የተሠራ፣ ቁመቱ 13.5 ሜትር የሆነ፣ ዐሥር ደርብ ያለው የእብነ በረድ ሐውልት ነው።

ይህ ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1907 በአንድ የጃፓን ሚኒስትር ትእዛዝ ተነቅሎ፣ ፈራርሶ ወደ ጃፓን ተወሰደ። በዚያን ጊዜ ኮርያ የራሷን ዕቃ የማስመለስ ኃይል አልነበራትም። ሆኖም በኮርያ ጋዜጣ ያሳትም የነበረው እንግሊዛዊው ኧርነስት ቤቴልና አሜሪካዊው ሆመር ሃልበርት ነገሩን በጽሑፍ አጋለጡ። ሐውልቱም እ.ኤ.አ. በ1918 ወደ ኮርያ ተመለሰ። በእነዚያ ዓመታት ኮርያ ራሷ በጃፓን ቅኝ አገዛዝ ሥር እንደ ነበረች ልብ ይሏል። ሐውልቱ የተመለሰው ባለቤቱ ከበረታ በኋላ አልነበረም፤ ስሙና የተነቀለበት ስፍራ በአደባባይ ስለ ተጻፈ ነበር።

ይህን የሰማ ኢትዮጵያዊ ወዲያው የአክሱምን ሐውልት ያስታውሳል። እርሱም በ1929 ዓ.ም. ተጭኖ ወደ ሮም ተወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1947 በተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን የወሰደችውን ቅርስ በዐሥራ ስምንት ወር ውስጥ እንድትመልስ ተጻፈ። ሐውልቱ አገሩ የገባው ግን በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ነው። ዘመኑ እጅግ ቢረዝምም ክርክሩ ሳይሞት የኖረው የተጻፈ ቃል ስለ ነበረ ነው።

ከዚህ ይልቅ ታሪካችንን የሚያቀራርበው ግን የመጻሕፍቱ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1866 የፈረንሳይ የባሕር ኃይል የተገደሉ ሚሲዮናውያንን ምክንያት አድርጎ ወደ ጋንግህዋ ደሴት ገባና የነገሥታቱን ቤተ መጻሕፍት በዘበዘ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቆይቶ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር የታሰሩ አውሮፓውያንን ምክንያት አድርጎ መቅደላን ወጣ፤ የዐፄ ቴዎድሮስንም ግምጃ ቤት በዘበዘ። ሁለት ሩቅ አገሮች በአንድ ዘመን በተመሳሳይ ሰበብ መጻሕፍታቸውን አጡ ማለት ነው።

ከጋንግህዋ የተወሰዱት መጻሕፍት «ኡይግዌ» ይባላሉ። የነገሥታቱን ጋብቻ፣ ቀብርና ግብዣ በጽሑፍና በቀለም ሥዕል የሚዘግቡ፣ የወጣውን ወጪና የሠሩትን ባለሙያዎች ስም ሳይቀር የያዙ የሥርዓት መጻሕፍት ናቸው። በፓሪስ በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ይሠሩ የነበሩት ኮርያዊቷ ዶክተር ፓርክ ቢዮንግሰን እ.ኤ.አ. በ1975 መጻሕፍቱን በዕቃ ማከማቻ ውስጥ አገኙ፤ ይዘታቸውንም እያጠኑ ለአገራቸው አሳወቁ። 297 ጥራዞች ሴኡል የገቡት በ2003 ዓ.ም. ነው። የተመለሱትም በየአምስት ዓመቱ በሚታደስ ውሰት ስም እንጂ በባለቤትነት አይደለም። ዶክተር ፓርክ በዚያው እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ላይ ዐረፉ፤ መጻሕፍቱን ግን በአገራቸው ምድር ለማየት በቅተዋል።

እኛም ብንሆን ከዚህ የራቅን አይደለንም። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ እ.ኤ.አ. በ1872 ለእንግሊዝ መንግሥት ደብዳቤ ጽፈው ከመቅደላ የተወሰዱ ሁለት ነገሮችን ጠይቀዋል። አንደኛው ክብረ ነገሥት፣ ሁለተኛው ኩርዓተ ርእሱ የተባለው የጌታችን ሥዕል ነበር። መጽሐፉ በብሪቲሽ ሙዚየም ተመዝግቦ ስለ ነበር ተገኝቶ ተመለሰ። ሥዕሉን ግን ከጦሩ ጋር የዘመተው የሙዚየሙ ሠራተኛ ሪቻርድ ሆምስ ለራሱ ይዞት ስለ ነበር በማንኛውም መዝገብ ላይ አልነበረም፤ ስለዚህም ተሰውሮ ቀረ። በአንድ ደብዳቤ ከተጠየቁት ሁለት ቅርሶች በመዝገብ ላይ የነበረው ተመለሰ፣ ያልነበረው አልተመለሰም። ይህ ለሙያችን ትልቅ ምስክር ነው።

ክቡራን ሆይ፤ ከብሔራዊው ቤተ መዘክር ሳይርቅ በዚያው በዮንግሳን እ.ኤ.አ. በ1994 የተከፈተው የጦርነት መታሰቢያ ቤተ መዘክር ይገኛል። በመተላለፊያዎቹ ግድግዳ ላይ በኮርያ ጦርነት የወደቁት ወታደሮች ስም በየአገራቸው ተቀርጿል። የእኛም ልጆች ስም በዚያ አለ። አንደኛው ቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅቡቲ በኩል በመርከብ ተጓዘ፤ በወሩ መጨረሻም ፑሳን ደረሰ። በተከታታይ ከዘመቱት የቃኘው ሻለቆች ከ120 በላይ ሰዎች መሥዋዕት ሆነዋል። ከሴኡል ወጣ ብላ በምትገኘው በቹንቾን ከተማም እ.ኤ.አ. በ1968 መታሰቢያ ሐውልት፣ በ2007 ደግሞ የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ አዳራሽ ተሠርቷል። በአዲስ አበባም በአፍንጮ በር አካባቢ መታሰቢያ አለ።

ኢትዮጵያዊ ጎብኚ በዚያ ግድግዳ ፊት ቆሞ ኩራት ቢሰማው የተገባ ነው። ነገር ግን ስሙ በድንጋይ ሊቀረጽ የቻለው በጊዜው የስም መዝገብ የያዘ ጸሓፊ ስለ ነበረ መሆኑን አይርሳ። የወደቁት ስማቸው አለ፤ በሕይወት የተመለሱት ይዘውት የመጡት ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍና ኒሻንስ? እርሱ የሚገኘው በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ነው። በ1943 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ወጣት የነበረው ዘማች ዛሬ ዘጠና ዓመት አልፎታል። ሣጥኑን የሚወርሱት የልጅ ልጆች በፎቶግራፉ ላይ የቆሙት እነማን እንደ ሆኑ የሚነግራቸው ካጡ ፎቶግራፉ ከወረቀትነት አያልፍም።

ስለ ኮርያ ተናግሮ ስለ ሐዋሳ ዝም ማለት ደግሞ አይገባም። ከተማችን ወጣት ናት፤ የተቆረቆረችው ከቃኘው ዘመቻ በኋላ ነው። ስለሆነም ስትቆረቆር ያዩ ሰዎች አሁንም በመካከላችን ይገኛሉ። በጉዱማሌ የሚከበረው ፍቼ ጨምበላላ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ ኮከብ ቆጥረው ቀኑን የሚወስኑት አያንቶዎች ዕውቀት ግን በአብዛኛው በቃል የሚኖር ነው። ወደ ደቡብ ወረድ ሲባል የቱቱ ፈላና የቱቲቲ ትክል ድንጋዮች የሚገኙበት የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዓለም መዝገብ መግባት ታላቅ ክብር ነው። ነገር ግን እያንዳንዱን ድንጋይ፣ እያንዳንዱን የቤት ዕቃ የሚያውቅ የአገር ቤት መዝገብ ካልተከተለው የጎደለው ይበዛል።

የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። እያንዳንዳችን በምናስተምርበት ወይም በምንሠራበት ቦታ አንድ የቅርስ መዝገብ እንክፈት። በእርሱም የዕቃው ስም በባለቤቱ ቋንቋ ይጻፍ፤ ማን እንደ ሠራው፣ ከማን ወደ ማን እንደ ተላለፈ፣ ዛሬ የት እንዳለ፣ ቃሉን የሰጠው ማን እንደ ሆነና ቀኑ ይመዝገብ። ዕቃው ከባለቤቱ ቤት አይውጣ፤ ያለ ባለቤቱ ፈቃድም አይጻፍ። መዝገቡ ለሌባ መንገድ ያሳያል የሚሉ ወገኖች ሥጋታቸው እውነት አለው። ስለሆነም የዕቃው አድራሻ የሚገኝበት ቅጽ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ሁለተኛው ቅጂም በሌላ ታማኝ እጅ ይኑር። ገንዘብ የለንም የሚለው ምክንያት ግን ለዚህ ሥራ አያገለግልም፤ የሚያስፈልገው ደብተር፣ እርሳስና ትዕግሥት ነው።

ይህ ልማድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን የቤተ ክርስቲያኑን ንዋየ ቅድሳትና የመሬቱን ስጦታ በወንጌሉ ኅዳግ ላይ ይጽፉ ነበር፤ ዛሬ የታሪክ ተመራማሪ የሚመካባቸው እነዚያን ጽሑፎች ነው። ሴኡል ሄዶ ለመጎብኘት ዕድል የሚገጥመው ከእኛ ጥቂቱ ይሆናል። የሰፈሩን አዛውንት ጠይቆ ለመጻፍ ግን ሁላችንም ዕድሉ አለን፤ እነርሱ ሳያልፉ በዚህ ዓመት እንጀምር።